«የለም» ያለው ማን ነው? በጃንጎ የጠፋ ገጽንና ያልመጣ ሲኤስኤስን ፈልጎ ማግኛ

ገጹ አልከፈት ይላል፤ ወይም ይከፈትና ራቁቱን ይመጣል፤ ቀለም የለው፣ ቅርጽ የለው፣ ጽሑፉ ብቻ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ፤ ቀለምና ቅርጽ የሚሰጠው የሲኤስኤስ ፋይል አልመጣለትምና። በጃንጎ፣ ማለትም በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ መሥሪያ በሆነው ማዕቀፍ፣ ድረ ገጽ መሥራት የጀመረ ሰው ከሁለቱ አንዱን ሳያይ አያልፍም። ቀጥሎ የሚሆነውንም አውቀዋለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁና። ከሆነ ቦታ የተቀዳ አንድ መስመር ሴቲንግስ (የፕሮጀክቱ ማስተካከያ ፋይል) ውስጥ ይገባል፤ አይሠራም። ሌላ ይጨመርበታል፤ አሁንም አይሠራም። አምስተኛው ላይ ገጹ ይስተካከላል፤ ከአምስቱ የትኛው እንደፈታው ግን የሚያውቅ የለም። ፕሮጀክቱ ወደ ሰርቨር የወጣ ዕለት ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

እኔ የምከተለው መንገድ ሌላ ነው። አንድም መስመር ሳልነካ «ይህን መልስ የሰጠኝ ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ አድራሻ ተጽፎ ገጽ እስኪሆን ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። መጀመሪያ ብራውዘሩ አለ፤ ከካሽ (ቀድሞ ካስቀመጠው ቅጂ) አውጥቶ ሊመልስ ይችላል። ቀጥሎ እንደ ኤንጂንኤክስ ያለ የፊት ሰርቨር አለ። ከኋላው የፓይተኑን ኮድ የሚያስኬደው ጉኒኮርን ወይም አቻው፣ ከዚያ የጃንጎ ሚድልዌሮች (ጥያቄውን መንገድ ላይ የሚፈትሹ ክፍሎች)፣ ከዚያ የአድራሻዎች ዝርዝር፣ በመጨረሻ ገጹን የሚያዘጋጀው ኮድ፣ ቪው። ኤንጂንኤክስም፣ የአድራሻ ዝርዝሩም፣ ቪውም እያንዳንዳቸው 404፣ ማለትም «የለም»፣ የማለት ሥልጣን አላቸው። ኤንጂንኤክስ ያለውን «የለም» በፓይተን ኮድ ውስጥ ስትፈልጉ ብታድሩ አታገኙትም፤ እዚያ አልተባለምና።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። የትእዛዞቹንና የሴቲንጎቹን ስም እንደሚነበቡ አድርጌ በራሳችን ፊደል እጽፋቸዋለሁ። ኪቦርዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል እንደተለመደው ነው የምትጽፏቸው፤ ሴቲንጎቹ በትልልቅ ፊደል፣ ሁለት ቃል ሲሆኑም በመካከላቸው አንደርስኮር ይገባል።

ደረጃ 1፦ መላሹን ለዩ

«ራንሰርቨር» (የጃንጎ የመሞከሪያ ሰርቨር) የሚሠራበትን ተርሚናል ከብራውዘሩ ጎን ክፈቱና ገጹን እንደገና ጫኑ። በተርሚናሉ ላይ አዲስ መስመር ካልወጣ ጥያቄው ጃንጎ ጋ አልደረሰም። ወይ ብራውዘሩ ከካሹ መልሷል፣ ወይ ፖርቱ ሌላ ነው፣ ወይም (ይህ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል) ሌላ ፎልደር ውስጥ ያለ የቆየ ፕሮጀክት 8000 ላይ እየሠራ ነው። መስመር ከወጣ መጨረሻው ላይ ካሉት ሁለት ቁጥሮች የፊተኛውን አንብቡ፤ የኋለኛው የመልሱ መጠን ነው።

ከብራውዘሩም በኩል ኤፍ12ን ተጭናችሁ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፈቱ፤ «ዲስኤብል ካሽ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ይህች ትንሽ ሳጥን ምልክት ሳይደረግባት የተጀመረ ፍለጋ የትናንቱን ስህተት ዛሬ ሊያሳያችሁ ይችላል።

የቁጥሮቹን ትርጉም በአጭሩ ልበል። 301 ወደ ሌላ አድራሻ ተመርታችኋል ማለት ነው። 400 ከሆነና «ዲበግ» (ለሠሪው ዝርዝር ስህተት የሚያሳየው ሴቲንግ) ሐሰት ከሆነ በመጀመሪያ «አላውድ ሆስትስ» የሚለው ዝርዝር ውስጥ የድረ ገጹ ስም መኖሩን እዩ። ስታቲክ ፋይል (ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሥዕል) ላይ 403 ከመጣ ብዙ ጊዜ የፋይል ፈቃድ ጉዳይ ነው። 500 ማለት አድራሻው ሰው አግኝቷል፤ ያገኘው ሰው ነው የወደቀው። 502 ከሆነ ኤንጂንኤክስ እየሠራ ነው፣ ከኋላው ያለው ግን አልመለሰለትም።

404 ሲሆን መልኩን ተመልከቱ። የኤንጂንኤክስ 404 ነጭ ገጽ ነው፤ ቁጥሩ መሐል ላይ፣ ከሥሩ መስመር፣ ከመስመሩ በታች የራሱ ስም። የጃንጎ 404 «ዲበግ» ሐሰት ሲሆን አንድ ርዕስና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ዲበግ» እውነት ሲሆን ደግሞ ከላይ ቢጫ ያለበት ረጅም ገጽ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ሲያየው ደንግጦ የሚዘጋው እሱን ነው።

ደረጃ 2፦ ቢጫውን ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቡ

ያ ገጽ ጃንጎ ከሞከራቸው አድራሻዎች የተሠራ ዝርዝር ነው፤ በሞከራቸው ቅደም ተከተል። ከዝርዝሩ በታች ያለችው ዓረፍተ ነገር ግን ከዝርዝሩ ትበልጣለች። ሁለት መልክ አላት። አንደኛው «አሁን ያለው አድራሻ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አልገጠመም» ይላል። ሁለተኛው «ከመጨረሻው ጋር ገጥሟል» ይላል፤ ይህኛው ከ3.2 ጀምሮ የመጣ ነው።

ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የመጀመሪያው ከሆነ አድራሻው ተሳስቷል ወይም አልተመዘገበም፤ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ። ሁለተኛው ከሆነ አድራሻው ትክክል ነው፣ ቪውም ተጠርቷል፣ 404 ያለው ራሱ ቪው ነው። ምናልባት በመለያ የተፈለገው ጽሑፍ በዳታቤዙ ውስጥ የለም፤ ምናልባትም የተጠራው ያሰባችሁት ቪው አይደለም። ገጹ ከላይ ቪውን በስሙ ስለሚጠራው ይህን ለማረጋገጥ አንድ መስመር ማንበብ ይበቃል።

ይህ ገጽ የሚመጣው «ዲበግ» እውነት ሲሆን ብቻ ነው። የአድራሻዎቻችሁን ሙሉ ዝርዝር ለማንም አላፊ አግዳሚ ስለሚያሳይ፣ ክፍት በሆነ ሰርቨር ላይ ለአምስት ደቂቃ እንኳ አታብሩት። ችግሩን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ድገሙት።

ደረጃ 3፦ የአድራሻ ዝርዝሩን መርምሩ

መጀመሪያ ማሽኑ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት፦ «ማኔጅ» በሚለው ፋይል «ቼክ» የሚለውን ትእዛዝ አስኬዱ። በስላሽ የሚጀምር አድራሻ ካለ ያስጠነቅቃችኋል። አድራሻ በሚመዘግበው ፈንክሽን፣ በ«ፓዝ» ውስጥ፣ የድሮው ዘመን ምልክቶች፣ ማለትም በመጀመሪያ ^ ወይም በመጨረሻ $፣ ቀርተው ከሆነም ያስጠነቅቃችኋል። ይህ የመጨረሻው የቆየ ትምህርት እያዩ የሚሠሩ ሰዎች ወጥመድ ነው። «ፓዝ» የመጣው በጃንጎ 2.0፣ በ2017 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው «ዩአርኤል» የሚባለው ፈንክሽን በ4.0 ጨርሶ ወጥቷል። አሮጌውን አጻጻፍ በአዲሱ ፈንክሽን ውስጥ ስትጽፉት ጃንጎ ^ን እንደ ተራ ፊደል ቆጥሮ በአድራሻው ውስጥ ይፈልገዋል፤ የሚጽፈው ደግሞ የለም።

«ቼክ» ዝም ካለ በዓይን ማየት ይቀጥላል። የአንድን አፕ (የፕሮጀክቱን አንድ ክፍል) አድራሻዎች ወደ ዋናው ፋይል የሚያስገባው «ኢንክሉድ» የሚሠራው የገጠመውን ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን ለሚቀጥለው ፋይል በመስጠት ነው። ስለዚህ በዋናው ፋይል «ዜና» ብላችሁ ስላሹን ከረሳችሁ፣ በአፑ ፋይል ውስጥ ያለው «ዝርዝር/» ተጣብቆ «ዜናዝርዝር/» ይሆናል። በቢጫው ገጽ ላይ ሁለቱ ተለያይተው ስለሚታዩ ለዓይን ትክክል ይመስላሉ፤ ጮክ ብላችሁ አገጣጥማችሁ አንብቧቸው።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ። ጃንጎ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መጀመሪያ የገጠመውን ይዞ ይሄዳል፤ የተሻለ ይኖር ይሆን ብሎ ወደ ታች አይመለከትም። ይህን ተመልከቱ፦

1. «ዜና/<መለያ>/»
2. «ዜና/አዲስ/»

«ዜና/አዲስ/» ብሎ የመጣን ሰው የሚወስደው አንደኛው ነው። ቪውም «አዲስ» የሚል መለያ ያለው ዜና ዳታቤዝ ውስጥ ይፈልጋል፤ አያገኝም፤ 404 ይላል። ቢጫው ገጽ ደግሞ «ከመጨረሻው ጋር ገጥሟል» ይላችኋል፤ ደረጃ 2 ላይ የተውኩት ፍንጭ የሚያገለግለው እዚህ ነው። ቋሚ ቃል ያለው አድራሻ ሁልጊዜ ከላይ፣ ተለዋዋጭ ያለው ከታች ይሁን።

ተለዋዋጮቹ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። «ስትር» ስላሽ አይቀበልም። «ኢንት» ዜሮንና አዎንታዊ ሙሉ ቁጥርን ብቻ ይቀበላል። «ፓዝ» የሚባለው ዓይነት ስላሹንም ጨምሮ ሁሉን ይውጣል፤ ከላይ ካስቀመጣችሁት ከሥሩ ያሉትን አድራሻዎች በረሃብ ይገድላቸዋል። «ስለግ» (ከርዕስ ለሚወጣ የአድራሻ መለያ የሚሆነው ዓይነት) ላይ ግን ረዘም አድርጌ መቆም አለብኝ፤ በአማርኛ ርዕስ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይወድቅበታልና።

ርዕሱ «የንብ ሕይወት» የሆነ ጽሑፍ አላችሁ እንበል። «ስለግፋይ» በሚለው ፈንክሽን ከርዕሱ መለያ ታወጣላችሁ። ፈንክሽኑ በልማዱ የላቲን ፊደልና አኃዝ ያልሆነውን ሁሉ ይጥላል፤ የሚተርፈው ባዶ ጽሑፍ ነው። ርዕሱ «የ2017 ዜናዎች» ቢሆን የሚተርፈው 2017 ብቻ ነው። ባዶ መለያ ይዞ ሊንክ ለመሥራት የሞከረ ቴምፕሌት (የገጹ ኤችቲኤምኤል ቅርጽ) «ኖሪቨርስማች»፣ ማለትም «ለዚህ ስም የሚገጥም አድራሻ የለም»፣ ብሎ ይወድቃል፤ በመልእክቱ ውስጥም ሁለት ባዶ ጥቅስ ምልክት ታያላችሁ። መፍትሔው «አላው ዩኒኮድ» የሚለውን እውነት ማድረግ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ። አሁን መለያው «የንብ-ሕይወት» ሆነ። በአድራሻ ዝርዝሩ ላይ ያለው «ስለግ» የሚቀበለው ግን የላቲን ፊደል፣ አኃዝ፣ ሰረዝና አንደርስኮር ብቻ ነው። ስለዚህ ስህተቱ ያው «ኖሪቨርስማች» ሆኖ ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ ባዶ ሳይሆን የአማርኛ መለያ ይዞ። በአድራሻው ላይ «ስለግ»ን በ«ስትር» ቀይሩት፤ ወይም ጥብቅ መሆን ከፈለጋችሁ ማንኛውንም ፊደል የሚቀበል የራሳችሁን ዓይነት ጽፋችሁ «ሬጂስተር ኮንቨርተር» በሚለው አስመዝግቡት። በሞዴሉ ውስጥ ያለው የስለግ መስክም «አላው ዩኒኮድ» እንደሚያስፈልገው አትርሱ። እኔ በግሌ ቁጥሩን ከፊት አስቀድሜ ቃሉን ለጌጥ ማስከተል እመርጣለሁ፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሆነ አድራሻው ተቀድቶ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ርዝመት መሐል የተቆረጠ ሊንክ ቁጥሩ ከተረፈለት ገጹን ያገኛል።

የመጨረሻው ስላሽም አለ። አድራሻው «ዜና/» ሆኖ ተመዝግቦ ሰው «ዜና» ብሎ ቢመጣ፣ «አፔንድ ስላሽ» በልማዱ እውነት ስለሆነ ኮመን ሚድልዌር ስላሹን ጨምሮ በ301 ይመልሰዋል። ገጽ ለማንበብ ይህ ደግ ነገር ነው። ፎርም ለመላክ ግን አይደለም፤ ብራውዘሩ በ301 ሲመራ ብዙውን ጊዜ «ፖስት» (መላኪያ) የነበረውን ጥያቄ «ጌት» (ማንበቢያ) ያደርገዋል፣ ሰውየው የሞላው ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። «ዲበግ» እውነት ሲሆን ጃንጎ በግልጽ ስህተት ያስቆማችኋል፤ ሐሰት ሲሆን ዝም ይላል። ፎርሙ ተልኮ ምንም ነገር ካልተመዘገበ፣ ስህተትም ካልታየ፣ የፎርሙ አድራሻ መጨረሻ ላይ ስላሽ መኖሩን መጀመሪያ እዩ። ደግሞም ብራውዘር 301ን ያስታውሳል፤ በስህተት ያደረጋችሁት ምሪት ኮዱን ካረማችሁ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። «ዲስኤብል ካሽ» ያልኳችሁ ለዚህም ነው።

ደረጃ 4፦ ስሞቹን በሼል ፈትኑ

አድራሻን በቀጥታ መተየብ ከሠራ፣ በሊንክ መሄድ ግን ገጹን ከሰበረው ችግሩ የስም ነው። የ«ኖሪቨርስማች» መልእክቶች ተቀራራቢ ቢመስሉም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራሉ። «የተመዘገበ ኔምስፔስ (የአንድ አፕ አድራሻዎች የጋራ ቅድመ ስም) አይደለም» ካለ በአፑ የአድራሻ ፋይል ውስጥ «አፕ ኔም» አልተጻፈም ወይም በሌላ ስም ተጽፏል። «ትክክለኛ የቪው ወይም የአድራሻ ስም አይደለም» ካለ ብዙውን ጊዜ ኔምስፔሱ ኖሮ ሊንኩ ውስጥ አልተጠቀሰም። «ይህን ያህል ፓተርን ተሞክሯል» ብሎ ከጨረሰ ስሙ ተገኝቷል፤ ያልገጠመው የላካችሁለት ነገር ነው፣ እንደዚያ ባዶ መለያ።

ቴምፕሌት እየቀያየሩ መሞከር አድካሚ ነው። «ማኔጅ»ን በ«ሼል» (ፓይተንን በቀጥታ በሚተይቡበት ትእዛዝ) ክፈቱና ሁለት ፈንክሽኖችን አስገቡ፦ «ሪቨርስ» ስም ስትሰጡት አድራሻ ይመልሳል፣ «ሪዞልቭ» አድራሻ ስትሰጡት የሚጠራውን ቪው ይነግራችኋል። ለ«ሪዞልቭ» የምትሰጡት አድራሻ በስላሽ ይጀምር። ከላይ ያለውን የ«አዲስ» ችግር ለ«ሪዞልቭ» ብትሰጡት በአንድ ቅጽበት የሌላ ቪው ስም ይነግራችሁ ነበር።

«የተካተተው የአድራሻ ዝርዝር ምንም ፓተርን የለውም» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ወይ የዝርዝሩ ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል፣ ወይ ሁለት ፋይሎች ርስ በርስ እየተጠራሩ ነው። የክላስ ቪው ላይ «አዝ ቪው»ን መርሳት፣ ወይም ተራ ቪውን ከነቅንፉ መጥራት ደግሞ ራሱን በግልጽ የሚናገር ስህተት ስለሆነ አልቆምበትም።

ደረጃ 5፦ ስታቲክ ፋይሎች፣ በራሳችሁ ኮምፒውተር

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከስሞቹ ነው፤ ሦስት ሴቲንጎች ተመሳሳይ ይመስላሉ። «ስታቲክ ዩአርኤል» የበሩ ስም ነው፤ ብራውዘሩ የሚያንኳኳው አድራሻ። «ስታቲክፋይልስ ዲርስ» እናንተ በእጃችሁ ፋይል የምታስቀምጡባቸው፣ ከአፕ ውጭ ያሉ ፎልደሮች ዝርዝር ነው። «ስታቲክ ሩት» ደግሞ ለሰርቨር ሁሉም ተሰብስቦ የሚከማችበት ባዶ ጎተራ ነው፤ በእጃችሁ ምንም አታስገቡበትም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ ፎልደር መሆን የለባቸውም፤ ካደረጋችኋቸው «ቼክ» ይከለክላችኋል። እኔ ጎተራውን በአማርኛ «የተሰበሰበ» ብዬ በአእምሮዬ እጠራዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ተምታቶብኝ አያውቅም።

ፋይሉ ካልመጣ ጃንጎን ራሱን ጠይቁት። «ፋይንድስታቲክ» ብላችሁ የፋይሉን መንገድ በቴምፕሌቱ እንደጻፋችሁት ስጡት፤ «ቨርቦሲቲ»ን 2 አድርጉለት። ካገኘው የት እንዳገኘው፣ የትኞቹን ፎልደሮች እንዳየም ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ የእናንተ ፎልደር ከጠፋ አፑ «ኢንስቶልድ አፕስ» ውስጥ አልገባም፤ «ፋይንድስታቲክ» አግኝቶት ብራውዘሩ ካላገኘው ደግሞ ምናልባት «ስታቲክ» የሚለውን ፎልደር አሁን ፈጥራችሁ «ራንሰርቨር»ን እንደገና አላስነሳችሁትም። አዎ፣ ይህ እውነት ነው፤ ጃንጎ የአፖቹን ስታቲክ ፎልደር መኖር የሚያየው አንዴ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ የተወለደ ፎልደር እንደገና እስኪነሳ አይታየውም። በነባር ፎልደር ውስጥ የተጨመረ ፋይል ግን ወዲያው ይታያል። አንዳንዱ ሰው «ዝም ብሎ ተስተካከለ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

«ፋይንድስታቲክ» ሁለት ቦታ ካገኘስ? ሁለት አፖች ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል አላቸው ማለት ነው፤ የሚላከው ከላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ሲኤስኤሱን ደጋግማችሁ ስታርሙ ምንም የማይለወጠው የሌላውን እያያችሁ ሊሆን ይችላል። በአፑ «ስታቲክ» ፎልደር ውስጥ በአፑ ስም ሌላ ፎልደር ፍጠሩና ፋይሎቹን እዚያ አስገቡ።

ስሙን ስታነጻጽሩ የፊደሉን ትልቅና ትንሽ ተጠንቀቁ። ዊንዶውስና ማክ በተለመደው አሠራራቸው አይለዩትም፤ ሊኑክስ ይለያል። እኔ አንድ ጊዜ የመለያ ምልክት ሥዕል ጠፍቶብኝ ከቀትር እስከ ማታ ኤንጂንኤክስን ሳበጥር ውያለሁ፤ በደሉ የፋይሉ ስም በትልቅ ፊደል መጀመሩ ብቻ ነበር።

ደረጃ 6፦ «ዲበግ» ሲጠፋ

ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ሰዓት ይህ ነው። «ዲበግ» ሐሰት ሆነ፤ ድረ ገጹ ሁሉ፣ የአድሚኑ ገጽ ሳይቀር፣ ራቁቱን ቀረ። ምንም አልተበላሸም። እስከ አሁን ፋይሎቹን ሲያድል የነበረው «ራንሰርቨር» ነው፤ ይህን የሚያደርገው «ዲበግ» እውነት ሲሆን ብቻ ነው፤ አሁን ሥራውን አስረክቦ ሄዷል፣ ተረካቢ ግን አላስቀመጣችሁም። ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ «ራንሰርቨር»ን «ኢንሴኪዩር» ከሚለው አማራጭ ጋር አስኬዱ፤ ፋይሎቹ ከተመለሱ ምርመራው ትክክል ነው። ለሙከራ እንጂ ለሌላ እንዳታውሉት።

ተረካቢው ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ ስታቲክ ፋይሎችን ከጃንጎው ጋር ሆኖ የሚያድለው ዋይትኖይዝ ነው፤ በሚድልዌር ዝርዝር ውስጥ ወዲያው ከሴኪዩሪቲ ሚድልዌር ቀጥሎ ይቀመጣል። ከዚያ ፋይሎቹን ሁሉ ወደ ጎተራው የሚሰበስበውን ትእዛዝ፣ «ኮሌክትስታቲክ»ን፣ አስኬዱ። ቅደም ተከተሉ ግድ ነው፤ ዋይትኖይዝ ጎተራውን የሚቆጥረው ሲነሳ ስለሆነ፣ ከተነሳ በኋላ የተሰበሰበውን አያውቀውም። ሰብስባችሁ ከሆነና አሁንም 404 ከሆነ ጉኒኮርንን እንደገና አስነሱት።

ሌላው ኤንጂንኤክስ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ቃል ቀን ይበላል። ጎተራችሁ «/ድር/የተሰበሰበ/»፣ የበሩ ስም «/ስታቲክ/» ይሁን። አድራሻን ከፎልደር ጋር በሚያገናኘው የኤንጂንኤክስ ክፍል፣ በ«ሎኬሽን» ውስጥ፣ «ሩት» ብላችሁ ጎተራውን ከሰጣችሁት ኤንጂንኤክስ ሙሉ አድራሻውን ይቀጥልበትና «/ድር/የተሰበሰበ/ስታቲክ/ዋና» የሚል ፋይል ይፈልጋል። እንዲህ ያለ የለም። «አሊያስ» ካላችሁ ግን የበሩን ስም በጎተራው ተክቶ «/ድር/የተሰበሰበ/ዋና» ይፈልጋል፤ የምትፈልጉትም ይህንኑ ነው። «አሊያስ» ላይ መጨረሻ ያለውን ስላሽ ከረሳችሁ ደግሞ «/ድር/የተሰበሰበዋና» ይሆናል። ይህን ሁሉ መገመት አያስፈልግም፤ የኤንጂንኤክስን የስህተት መዝገብ ክፈቱ። ሊከፍት የሞከረውን ሙሉ መንገድ ከነምክንያቱ ጽፎላችኋል። ቁጥር 2 ካለ ፋይሉ እዚያ የለም። ቁጥር 13 ካለ ፋይሉ አለ፣ ፈቃድ ግን የለም፤ ያን ጊዜ የፋይሉን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከላዩ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ እዩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ለኤንጂንኤክስ የማለፍ ፈቃድ ከከለከለ የውስጡ ክፍት መሆን አይጠቅምም። ጎተራው በግል የተጠቃሚ ፎልደር ውስጥ ሲሆን ይህ በብዛት ያጋጥማል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ያታለለኝን ላሳያችሁ። ገጹ ራቁቱን ነው፤ ኔትወርክ ላይ ግን ሲኤስኤሱ 200 ይላል፤ አንድም ቀይ የለም። ኮንሶሉ ላይ ብቻ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ የስታይል ፋይሉ ዓይነቱ ኤችቲኤምኤል ስለሆነ አልተቀበልኩትም ትላለች። ሲኤስኤስ እንዴት ኤችቲኤምኤል ይሆናል? ያንን መስመር ጫንኩና «ሪስፖንስ» የሚለውን ከፈትኩ። ውስጡ የራሴ መነሻ ገጽ ነበር፤ ከርዕሱ ጀምሮ እስከ ግርጌው። ከአድራሻ ዝርዝሩ ሥር ሌላው ሁሉ ካልገጠመ መነሻ ገጹን እንዲሰጥ ያስቀመጥኩት ሁሉን ዋጭ አድራሻ ነበረኝ። «ዲበግ» እውነት ሳለ «ራንሰርቨር» ስታቲክ ጥያቄዎችን ከአድራሻ ዝርዝሩ በፊት ስለሚይዛቸው ይህ ዋጭ አላያቸውም ነበር። ሲጠፋ በቀጥታ ወደ አፉ ገቡ። ጃንጎ ከ3.0 ጀምሮ በሴኪዩሪቲ ሚድልዌር በኩል «ዓይነቱን አትገምት» የሚል መመሪያ ለብራውዘሩ ይልካል፤ ብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን እንደ ስታይል አልቆጥርም ያለውም በትክክል ነው። ስለዚህ 200 ስታዩ አትደሰቱ፤ ውስጡን እዩ። በዊንዶውስ ላይ ጃቫስክሪፕት ብቻ ተራ ጽሑፍ ተብሎ ከመጣ ግን ይህ አይደለም፤ ፓይተን የፋይል ዓይነትን የሚያነበው ከዊንዶውስ ሬጂስትሪም ስለሆነ እዚያ የተበላሸ መስመር አለ።

ደረጃ 7፦ አዲሱን ፋይል ትቶ አሮጌውን የሚያሳይ ብራውዘር

ሲኤስኤሱን አርማችሁ ሰብስባችሁ ጎብኚዎች አሮጌውን ካዩ፣ ማኒፌስት (የፋይል ስሞች መዝገብ) ያለውን የስታቲክ ማከማቻ ተጠቀሙ፤ በየፋይሉ ስም ላይ ከይዘቱ የወጣ ምልክት ስለሚጨምር ይዘቱ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል። ከ4.2 ጀምሮ ይህ የሚጻፈው «ስቶሬጅስ» በሚለው ሴቲንግ ውስጥ ነው፤ የቀድሞው «ስታቲክፋይልስ ስቶሬጅ» በ5.1 ወጥቷል። «ስቶሬጅስ»ን ስትጽፉ «ዲፎልት» የሚለውንም አብራችሁ ጻፉ፤ የእናንተ ዝርዝር የጃንጎን ይተካዋል እንጂ አይጨመርበትም።

ይህ ማከማቻ ግን ይቅርታ አያውቅም። ቴምፕሌት ውስጥ የሌለ ፋይል ከጠራችሁ ገጹ በሙሉ 500 ይላል፤ «ዲበግ» እውነት ሲሆን ግን ዝም ይላል። «በእኔ ኮምፒውተር ይሠራል» የሚባለው እዚህ ነው። በመዝገቡ ውስጥ «የማኒፌስት መግቢያ ጠፍቷል» የሚል ከታየ የፋይሉን ስም አብሮ ጽፎታል። ወይ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይ «ኮሌክትስታቲክ» ከመጨረሻው ለውጥ በኋላ አልሄደም። ራሱ «ኮሌክትስታቲክ» ከወደቀ ደግሞ አንዱ ሲኤስኤስ የሌለ ሥዕል ወይም ፎንት እየጠራ ነው። የኮድ ፈተናዎችም (ቴስቶች) «ዲበግ»ን አጥፍተው ስለሚሄዱ ባልተሰበሰበ ኮምፒውተር ላይ በዚሁ ምክንያት ይወድቃሉ፤ ለፈተና ተራውን ማከማቻ መድቡ።

የቀረው ሰዎች የሚጭኑት ፋይል ነው፤ ፎቶ፣ ሰነድ። እሱ ስታቲክ አይደለም፤ ሚዲያ ነው። «ኮሌክትስታቲክ» አይነካውም፣ ዋይትኖይዝም አያድለውም። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ እንዲታይ በአድራሻ ዝርዝሩ ላይ የምትጨምሩት «ስታቲክ» የሚባል አጋዥ ፈንክሽን አለ፤ ከሁሉን ዋጩ አድራሻ በላይ አስቀምጡት። «ዲበግ» ሲጠፋ ያ ፈንክሽን ባዶ ዝርዝር ይመልሳልና፣ ሰርቨር ላይ ለሚዲያ ፎልደሩ በኤንጂንኤክስ ሁለተኛ «ሎኬሽን» ክፈቱ፤ በ«አሊያስ»፣ ከነመጨረሻ ስላሹ።